ንጉሡ ‹ሠ› የሌለበት መናገሻ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ቡራዩን አልፈው ሆለታ ሳይደርሱ መናገሻ የምትባለውን ከተማ ያገኛሉ። በስተግራዎ የወጨጫ ተራራ ተጋድሞ ይታያል፤ ከተራራው ማዶ በሰበታ በኩል ደግሞ መናገሻ ሱባ የሚባለው የጥድ ደን አለ። ለአማርኛ ጽሕፈት አዲስ ቢሆኑም ይህን ስም ሲጽፉ አይሳሳቱም። መ፣ ና፣ ገ፣ ሻ። ከአራቱ ፊደላት አንዱም ሞክሼ የለውም። ሞክሼ ማለት በመልክ የተለያየ፣ በድምፅ ግን ከሌላው የማይለይ ፊደል ነው። ‹ሻ› የሚለውን ድምፅ ለመጻፍ ‹ሻ› ብቻ አለና እጅዎ የሚያመነታበት ምክንያት የለም።

የዚህ ቃል የቅርብ ዘመዶች ግን በየቀኑ በስሕተት ይጻፋሉ። ንጉሥ ‹ንጉስ› ተብሎ ይጻፋል። ንግሥት ‹ንግስት›፣ መንግሥት ‹መንግስት›፣ የቤተ ክርስቲያኑ በዓለ ንግሥ ደግሞ ‹በዓለ ንግስ› ሆኖ በጨርቅ ላይ ታትሞ ከአጥር ላይ ይሰቀላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የሀገሪቱ የበላይ ሕግ ርእሱ ላይ ‹ሕገ መንግሥት› ይላል፤ ያንኑ ሕግ ጠቅሶ የሚጻፈው ማመልከቻ ግን ብዙ ጊዜ ‹ህገ መንግስት› እያለ ነው የሚገባው። ወላጆቹ እንዲህ ሲቸገሩ ልጁ መናገሻ እንዴት አመለጠ? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ሁለቱን የ‹ሰ› ፊደሎች መተዋወቅ ያስፈልጋል።

የፊደል ገበታውን ከላይ ወደ ታች ቢቆጥሩ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ካሉ በኋላ በአምስተኛው ረድፍ ‹ሠ› ይመጣል። ረ ትከተልና በሰባተኛው ‹ሰ› አለ። የጥንት መምህራን ሁለቱን ለመለየት ቅጽል ስም ሰጥተዋቸዋል፤ አምስተኛው ንጉሡ ሠ፣ ሰባተኛው እሳቱ ሰ ይባላል። ስሞቹ ለጌጥ የወጡ አይደሉም። ንጉሥ የሚለው ቃል በአምስተኛው፣ እሳት የሚለው በሰባተኛው ፊደል ስለሚጻፍ፣ ተማሪው የፊደሉን ስም በጠራ ቁጥር አንድ ትክክለኛ አጻጻፍ አብሮ ያጠናል። ስለዚህ ‹ንጉስ› ብሎ የሚጽፍ ሰው ፊደሉ ስሙን ያገኘበትን ቃል ራሱን ነው የሳተው። ይህን ስል ለወቀሳ አይደለም፤ እኔም ለብዙ ዓመት እንዲያ ስጽፍ ኖሬአለሁ።

‹አንድ ድምፅ ከሆኑ ሁለት ፊደል ለምን አስፈለገ?› ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ትክክል ነው። ፊደል የሚቀርጽ ሰው ለአንድ ድምፅ ሁለት ምልክት አያወጣም። ሁለት ምልክት ካለ በተቀረጸበት ዘመን ሁለት ድምፅ ነበረ ማለት ነው። እሳቱ ሰ ዛሬ የምናውቀው ስ ነበረ። የሥነ ልሳን ሊቃውንት፣ ማለትም የቋንቋን አሠራር የሚያጠኑ ምሁራን፣ ንጉሡ ሠ አየሩ በምላስ ጎን የሚያልፍበት ድምፅ እንደነበረ ያስረዳሉ። ይሞክሩት፦ ምላስዎን ‹ል› ለማለት እንደሚያደርጉት ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ያስደግፉ፣ ከዚያ ጉሮሮዎን ሳያሰሙ አየሩን በጎንና በጎን ያስወጡት። የሚወጣው የፉጨትና የሹክሹክታ ድብልቅ የሆነ ድምፅ ለጥንቱ ሠ ቅርብ ነው። በየመንና በኦማን የሚነገረው መህሪ፣ እንዲሁም የሶቆጥራ ደሴት ቋንቋ፣ ይህን ድምፅ እስከ ዛሬ ይዘውታል። ትግርኛ ሐንና ዐን ከነድምፃቸው ሲጠብቅ ሠን ግን እንደ አማርኛ አጥቶታል።

እኛ ዘንድ ሁለቱ ድምፆች በጊዜ ብዛት ተዋሐዱ፤ ፊደሎቹ ግን ሁለት ሆነው ቀሩ። ወንዙ ደርቆ ድልድዩ እንደቀረ ያስቡት። ወንዙን ያላየ መንገደኛ ሜዳ ላይ ድልድይ ሲያገኝ ይገረማል፣ አንዳንዱም በጎን አልፎ ይሄዳል። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ሁለቱን ፊደሎች ሲያለዋውጡ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ጆሮ መመስከር ካቆመ በኋላ እጅን የሚያርመው ትዝታ ብቻ ነው።

ሁለቱ ፊደሎች ድሮ ሁለት ድምፅ እንደነበሩ ምስክሮቹ ዘመድ ቋንቋዎች ናቸው። ግእዝ፣ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ሴማዊ ከሚባለው አንድ ቤተሰብ የወጡ ስለሆኑ፣ በአንዱ የጠፋው በሌላው ሊገኝ ይችላል። በብዙ ቃላት ግእዝ ንጉሡ ሠን በሚያስቀምጥበት ቦታ ዐረብኛ ሺን የተባለውን ፊደል ያስቀምጣል፤ ግእዝ እሳቱ ሰን ሲጽፍ ደግሞ ዐረብኛ ሲን ይጽፋል። በግእዝ ‹ሠረቀ› ማለት ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው፤ የሚነገረውም ለፀሐይ ነው። ዐረቡ ይህንኑ ‹ሸረቀ› ይላል። ‹ሰረቀ› ደግሞ የሌባ ሥራ ነው፤ ዐረቡም ‹ሰረቀ› ይላል። ምሥራቅ ከመጀመሪያው የተገኘ ነውና ትርጉሙ የፀሐይ መውጫ ነው። ‹ምስራቅ› ብለው ሲጽፉ በጥንቃቄ የሚያነብ የግእዝ ሊቅ የስርቆት ቦታ የጠቀሱ ሊመስለው ይችላል። ዐሥር በዐረብኛ ‹ዐሸራ› ነው፤ ስም ግን ‹ኢስም›፣ ሰላም ‹ሰላም›። የተዋሱትና በመንገድ የተዛነፉት ቃላት ደንቡን ስለሚያፈርሱ እንደ ሕግ አይያዙት፤ እንደ ጥሩ ጥቆማ ግን ይረዳዎታል።

ለእኛ ቃል ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ደግሞ በታሪክ የታወቀ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ሲመጡ የተቀበላቸውን ንጉሥ ዐረቦች ‹ነጃሺ› አሉት። ይህ የግእዙ ‹ነጋሢ› ነው፣ የሚነግሥ ማለት። የዐረቦቹ ጆሮ ሲን አልሰማም፤ ቃሉን በሺን ጻፉት። ንጉሡ ሠ ያኔ ከስ የተለየ ድምፅ እንደነበረው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ መመኘት ይከብዳል። ከዚያም ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ንጉሥ ኢዛና ባስቀረጻቸው የግእዝ ጽሑፎች ላይ ‹ንጉሠ ነገሥት› የሚለው ማዕረግ በዚሁ በአምስተኛው ፊደል ተቀርጿል።

ወደ ሥርወ ቃሉ እንግባ። ሥርወ ቃል ማለት አንድ ቃል የበቀለበት ሥር ነው፤ በሴማዊ ቋንቋዎች ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ተነባቢዎች ናቸው። የእኛ ሥር ን-ግ-ሥ ነው። ዕብራይስጥም ይህን ሥር ያውቀዋል፤ እዚያ ግን ትርጉሙ መንዳት፣ ማስጨነቅ፣ ግብር ማስከፈል ነው። በኦሪት ዘጸአት እስራኤላውያንን በግብፅ ጡብ ሥራ የሚያስጨንቋቸው አሠሪዎች በዕብራይስጡ የሚጠሩት ከዚህ ሥር በወጣ ቃል ነው። ስለዚህ በአንዱ ቋንቋ ዘውድ የደፋው፣ በሌላው አለንጋ ይዞ ቆሟል። ግብር የሚያስገብር ሰው በስተኋላ ገዥ፣ ከዚያም ንጉሥ መባሉ ለማንኛውም ባላገር እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

አሁን መናገሻ ከዚህ ሥር እንዴት እንደበቀለ እንይ። አማርኛ ድርጊት የሚፈጸምበትን ቦታ ወይም መሣሪያ ለመሰየም ከግሡ ፊት ‹መ› ያስቀድማል፣ ከኋላው ‹-ኢያ› ይቀጥላል። ጠረገ ብለን መጥረጊያ፣ ተማረ ብለን መማሪያ እንላለን። ግሡ የሚያልቅበት ተነባቢ በጥርስ አካባቢ የሚነገር ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይከሰታል። ‹ኢ› ምላስን ወደ ላንቃ፣ ማለትም ወደ አፍ ጣራ ስለሚስብ ተነባቢው አብሮ ይሳባል፣ ኢውም በውስጡ ይሟሟል። ከፈተ ‹መክፈቲያ› አይሆንም፣ መክፈቻ ይሆናል። ወረደ መውረጃ፣ ቆረጠ መቁረጫ፣ ለመነ መለመኛ፣ ያዘ መያዣ፣ አረሰ ማረሻ። ሊቃውንቱ ይህን ላንቃዊ መሆን ይሉታል፤ እርስዎ ስሙን ሳያውቁ ከሕፃንነትዎ ጀምሮ ሲያደርጉት ኖረዋል።

ነገሠንም በዚሁ ደንብ ቢያስኬዱት መጨረሻው ሻ ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ቅርጽ አለ። ቀጥተኛው መንገሻ ነው፤ ይህ የሰው ስም ሆኖ ጸንቷል፤ የአፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ ዮሐንስና በኋላ ትግራይን ያስተዳደሩት ራስ መንገሻ ሥዩም የተጠሩበት ነው። ሁለተኛው መካከሉ ‹ና› ብሎ የተዘረጋው መናገሻ ነው፤ ቅርጹ ተናፈሰ ብለን መናፈሻ እንደምንለው ዓይነት ነው። ሰውየው መንገሻ፣ ቦታው መናገሻ ነው፤ የአንድ ፊደል ልዩነት ናትና ስም ሲጽፉ ይጠንቀቁ።

ስለ ሻ ገና አልጨረስኩም፤ ከጉዳዩ ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ግእዝ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የሚባሉ ፊደላት የሉትም። አማርኛ መጻፍ ሲጀምር ድምፆቹ ስለነበሩት አዲስ ፊደል አስፈለገው፤ ከባዶ ግን አልፈጠረም። ከሰ ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከዘ ዠን፣ ከደ ጀን፣ ከጠ ጨን፣ አናታቸው ላይ ወይም ጎናቸው ላይ ጭረት እየጨመረ አወጣ። እነዚህን ጥንዶች ከፍ ብለው ካዩአቸው ከከፈተ–መክፈቻ፣ ከወረደ–መውረጃ ጥንዶች ጋር ያስተያዩአቸው። አንድ ናቸው። ስሙ ያልታወቀው ያ ፊደል ቀራጭ ላንቃዊ መሆንን በጆሮው ለይቶ በቅርጽ አስቀምጦታል።

ለሸ ግን አባት ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ፊደሎች ነበሩ። ድምፃቸው አንድ ሆኖ ስለነበር አንዱን መምረጥ ነበረበት፣ እሳቱ ሰንም መረጠ። ሸ ማለት ባርኔጣ የደፋ እሳቱ ሰ ነው። ከዚያ ወዲህ ከንጉሡ ሠም ሆነ ከእሳቱ ሰ የተወለደ ላንቃዊ ድምፅ ሁሉ በዚህ በአንድ ልብስ ይታያል። ነጋሢ በአማርኛ ነጋሽ ሲሆን፣ ወረሰ ወራሽ ሲሆን፣ መጨረሻቸውን አይቶ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚለይ የለም። (ነጋሽ ውስጥ ያለው ሽ ከዐረቦቹ ነጃሺ ጋር መመሳሰሉ አያታልልዎ። ያኛው ጥንታዊውን ድምፅ በሰሙ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ይኼኛው አማርኛ በራሱ ደንብ ያመጣው ነው።) መናገሻ ከስሕተት ያመለጠው በዚህ ነው፤ የንጉሥን ፊደል ሙሉ በሙሉ ጥሎ የእሳትን ልጅ ለብሷል። የነገሥታት መቀመጫ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ንጉሡ ሠ የለበትም።

ቦታዎቹ ስሙን እንዴት እንዳገኙ ባጭሩ ልንገርዎ። የመናገሻው ተራራ ነገሥታት ዘውድ የጫኑበት እንደሆነ በአፈ ታሪክ ይነገራል። የሱባን ደን ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይተረካል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ጠቅላይ ግዛት አንዱ አውራጃ መናገሻ ይባል ነበር። ቃሉ በትክክል በተግባሩ የተጠራበትን ቦታ ካሻዎ ግን አራዳ የሚገኘው የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። እዚያ መናገሻ ማለት ተረት ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ያለው ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልጥቀስ። ‹ሶቨሪን› ማለት የበላይ ገዥ፣ ንጉሥ ማለት ነው፤ እንግሊዞች ራሳቸው ሲጽፉት ከሚሳሳቱባቸው ቃላት አንዱ ነው። የሚያስቸግራቸው መጨረሻው አካባቢ ተጽፎ የማይነበበው ‹ጂ› የተባለው ፊደል ነው። ቃሉ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲገባ ይህ ፊደል አልነበረውም፤ የመጣውም የበላይ ከሚል የላቲን ቃል ነው። መንገሥን የሚሉበት ‹ሬይን› የተባለ ሌላ ቃል ግን ጂን ከላቲን አባቱ በሕጋዊ መንገድ ወርሷል። ጸሐፊዎች ሁለቱን በትርጉም ዘመድ ሲያዩአቸው በሥጋም ዘመድ መሰሏቸውና ለሶቨሪን ያልወረሰውን ፊደል ሰጡት። ገጣሚው ጆን ሚልተን ‹ሶቭራን› ብሎ ያለ ጂ ቢጽፍም ልማዱ አልተመለሰም። እንግሊዞቹ የንጉሥ ፊደል ካልነበረበት አስገቡ፣ እኛ ከነበረበት እናወጣለን።

‹ታዲያ ለምን ሞክሼዎቹን ቀንሰን አንገላገልም?› የሚል ሐሳብ ከድሮ ጀምሮ አለ፤ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም ሐሳቡን ካቀረቡት መካከል ነበረ። በሌላ ወገን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት ‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት› ላይ እያንዳንዱን ቃል ከነሥሩ አስቀምጠዋል። የደስታ መጽሐፍ ገና ከርእሱ ዐይኑ ዐ በሚባለው ፊደል ይጀምራል። እኔ ሁለቱንም ወገን አከብራለሁ። የማልታገሠው ሦስተኛውን ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ‹ንጉስ›ም ‹ንጉሥ›ም የሚጽፈውን።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገባ ሠና ሰ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ለሰው ጆሮ አንድ ቢሆኑም ለማሽኑ እንደ በና እንደ ተ የተለያዩ ናቸው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ይውሰዱ። ‹ኃ›ን ለመጻፍ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አሉ፤ ስድስት። ‹ሥ› በሁለት፣ ‹ሴ›ም በሁለት መንገድ ይጻፋል። ስድስት በሁለት፣ በሁለት ሲባዛ 24 አጻጻፍ ይሆናል፤ አንባቢው ሁሉንም አንድ ብሎ ያነባል፣ ማሽኑ ግን 24 የተለያየ ሰው ያያል። አንድ ጊዜ የዘመዴ ፋይል ‹የለም› ተብሎ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጠን ዋልን። ፋይሉ ነበረ፤ መዝጋቢው በአንዱ ሠ አስገብቶት ፈላጊዋ በሌላው ትፈልገው ነበር። ‹መናገሻ› ብለው ሲፈልጉ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይገጥምዎትም።

እና ምን ላድርግ ካሉኝ፣ አጠራጣሪ ቃል ሲገጥምዎ ዘመዶቹን ይጥሩ። መንግሥት ቢያጠራጥርዎ ንጉሥን ያስቡ፤ ንጉሥ ቢያጠራጥርዎ የፊደሉን ስም ያስቡ። ሥዕል ቢሆን ሠዓሊን ይጥሩ፤ ሰው ለታቦት የሚገባው ስእለት ግን ከሌላ ሥር፣ ከለመነ ትርጉም የመጣ ነውና በእሳቱ ሰ ነው። ሰበታንና ሱሉልታን የመሰሉ ከግእዝ ሥር ያልመጡ የቦታ ስሞችን ሁልጊዜ በእሳቱ ሰ ይጻፉ። የሚጠብቁት የጥንት ድምፅ ስለሌላቸው ‹ሠበታ› ማለት ያልነገሠውን ማንገሥ ነው።

የተማሩትን ለመሞከር ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎም። ከሰበታ ታክሲ ሲሳፈሩ መነሻና መድረሻ የሚሉ ሁለት ቃላት ይሰማሉ። ሁለቱም በሻ ያልቃሉ፤ ከአንዱ ሻ ሥር ንጉሡ ሠ፣ ከሌላው ሥር እሳቱ ሰ ተሸፍኗል። ግሦቹን ተነሣና ደረሰ ብለው መልሰው ይጥሯቸው፤ የመጀመሪያው ትንሣኤን፣ ሁለተኛው ድርሰትን ይዞ ይመጣል።